በእኩል ያለቀ ሶል

አባቴ የለጠፈው ጠጋ አይታይም ነበር። ደንበኛው ጫማውን ሊወስድ ሲመጣ ገልብጦ ገልብጦ ያይና «የቱ ጋ ነው የሠራኸው?» ይለዋል። አባቴም «ካገኘኸው አምጣው፣ እንደገና እሠራዋለሁ» ብሎ ይመልሳል። የሚታይ ጠጋ ለእሱ ጠጋ አልነበረም፤ ቁስል ነበር። ይህን አስቀድሜ መናገሬ፣ ጉልበቴ ተጎድቶ ከከረምኩ በኋላ ወደ ሩጫ ስመለስ የሆነው ሁሉ ከዚህ አመሉ ስለሚጀምር ነው።

የቤታችን ፊቱ የአባቴ መሥሪያ ነው። በመንገድ በኩል ሰፊ በር አለው፣ ውስጡ ማስቲሽና ቆዳ ይሸታል። ከመሥሪያው ጀርባ እናቴ የስፌት መኪናዋን ያስቀመጠችበት ሳሎን፣ ከሳሎኑ ጀርባ ደግሞ እኔና ታናሽ እህቴ የምንተኛበት ክፍል አለ። ከውጭ የገባ ሁሉ ጫማውን የሚያወልቀው በመሥሪያውና በሳሎኑ መካከል ባለው ደፍ ላይ ነው። እዚያ የተቀመጠ ጫማ ታኮው ካዘነበለ ወይም ስፌቱ ከላላ፣ ማንም ሳይጠይቅ በማግስቱ ደህና ሆኖ ይገኛል። አመሰግናለሁ የሚልም አልነበረም። ጫማ በራሱ የሚድን እየመሰለን ነው ያደግነው።

አባቴ የማይነካው አንድ ዓይነት ጫማ ብቻ ነበር፤ የሩጫ ጫማ። «ይሄ ጫማ አይደለም፣ አረፋ ነው» ይል ነበር። «እኔ አረፋ አልሰፋም።»

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። የሚያመጡላትን ጨርቅ ራሷ ሳትለካ አትቀበልም፤ የለካችውንም ደግማ ትለካለች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለው አባባል ከአፏ አይጠፋም። እኔ መልኬ የአባቴ ቢሆንም በዚህ በኩል የእሷው ልጅ ነኝ።

ታናሽ እህቴን ሰፈሩ ሁሉ ፌንጣ ይላታል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ መራመድ አታውቅም፣ መዝለል ነው። ሁለታችንም የምንሮጠው ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ክለብ ነበር። እኔ ፊት፣ እሷ ከኋላ። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ቁልቁለት ስወርድ እግሬ ጉድጓድ ገባና የግራ ጉልበቴ ጅማት ተበጠሰ። ቀዶ ጥገናውን ያደረገልኝ ሐኪም አልሸፋፈነልኝም፦ «ሁለተኛ ከተበጠሰ፣ ሩጫውን ተይው፣ ደረጃ መውረድም ያቅትሻል» አለኝ። እኔ በክራንች ሳሎን ውስጥ ስመላለስ፣ ፌንጣ ከኋላ ወደ ፊት መጣች።

ክራንቹን ከጣልኩ በኋላ ጉልበቴን ታሠራኝ የነበረች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበረች፤ እጇ ጠንካራ፣ ወሬዋ አጭር። በቀስታ መሮጥ የፈቀደችልኝ ቀን እንዲህ አለችኝ።

«ሕመሙ ሲጠፋ ዳንኩ ብለሽ እንዳትሸወጂ። ሰው እግሩን ከፈራ ሳያውቀው በሌላው ይረግጣል። አንቺም አሁን ክብደትሽን ቀኝሽ ላይ ነው የምትጥይው።»

«እንዴት አውቃለሁ ታዲያ?»

«አዲስ የሩጫ ጫማ ያዢና በእሱ ብቻ ሩጪ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገልብጠሽ ተረከዙን አስተያዪው። የቀኙ ቀድሞ የሚያልቅ ከሆነ ገና ነሽ። ሁለቱ በእኩል ማለቅ ሲጀምሩ፣ ያኔ ከጓደኞችሽ ጋር ቁልቁለት ውረጂ።»

ፌንጣ ሸኝታኝ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ሰማችም አልሰማችም አላወቅኩም። እኔ ግን ለማንም አልተናገርኩም። አሰልጣኙ ለዓመቱ ትልቅ ውድድር አንድ ቦታ ባዶ ትቶ ነበር፤ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በሚደረገው ማጣሪያ ከእኔና ከፌንጣ ቀድማ የገባች ልትወስደው ነው። ማጣሪያው የሚያልፈው ከፋብሪካው ጀርባ ባለው ቁልቁለት ነው። ለዚያ ቁልቁለት መድረሴን የሚነግረኝ ያ ሶል ብቻ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ብቻዬን እሮጣለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ጫማዬን ደፉ ላይ አውልቄ እስከ ምሳ እተኛለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቅዳሜዎች ሴትዮዋ እንዳለችው ነበሩ። የቀኙ ተረከዝ ጠርዝ ተበልቶ፣ ጎማው ላይ ያሉት ቦዮች ጠፍተው ነበር፤ የግራው ገና እንደተገዛ ነው። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ገልብጬ ሳያቸው ሁለቱ እኩል ናቸው።

ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው እስከ ማግስቱ ነው። በማግስቱ ከቤታችን በላይ ካለው ዳገት ቀስ ብዬ ስወርድ ጉልበቴ እንደ ላላ የበር ማጠፊያ ሸርተት አለብኝ። የሰው አጥር ይዤ ቆምኩ። ሶሉ ድነሻል ይላል፣ ጉልበቴ ገና ነኝ ይላል። አንዳቸው ይዋሻል።

ቤት ገብቼ ጫማውን መስኮት አጠገብ ወሰድኩት። በፊት የጠፋው ቦይ ቀኙ ላይ ተመልሶ መጥቷል። ያለቀ ጎማ ደግሞ እንደ ፀጉር አይበቅልም።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነብኝ። ፌንጣ ጫማዋን የገዛችው ከእኔ ጋር፣ ከአንድ ሱቅ ነው፤ ቁጥራችን አንድ፣ ቀለሙ አንድ። ቀኙን ቀይራብኛለች አልኩ። ክሊኒክ የተባለውን ሰምታለች፤ ድኛለሁ ብዬ ቁልቁለቱን በሙሉ ኃይሌ እንድወርድ፣ ጅማቴም እንዲበጠስ፣ ቦታውም ለእሷ እንዲቀር። ነገሩን ባገላበጥኩት ቁጥር ልክ እየመጣ ሄደ። ከመንገድ ሰላም ስትለኝ ሰላምታዋ ውስጥ ተንኮል እፈልጋለሁ። ስታፏጭ ለምን ታፏጫለች እላለሁ። አንድ ቀን ሙዝ አምጥታ «ለጉልበትሽ ጥሩ ነው» ብትለኝ ለእናቴ ሰጠኋት።

እንዲህ ሆኜ ሳምንታት አለፉ፤ አንድ ቀን ከፋብሪካ ለምሳ ስትመጣ ጠብቄ ያዝኳት።

«ጫማሽን አሳዪኝ።»

«ለምን? ልትስሚው ነው?»

«ቀኙን።»

«ግራው ቅር እንዳይለው» አለችና አውልቃ ሰጠችኝ።

ገልብጬ አየሁት። በእኩል ያለቀ፣ የጤነኛ ሰው ጫማ ነው። ያ ግን አላሳመነኝም፤ መልሳ ቀይራው ይሆናል።

«የእኔን ቀኝ ወስደሽ የራስሽን ትተሽልኛል?»

መጀመሪያ ሳቀች። ፊቴን ስታይ ሳቋን ተወች።

«ያንቺን ጫማ? እግርሽ ገብቶበት የወጣ ጫማ? እኔ አጠገቡ የማልፈው እንኳ አፍንጫዬን ይዤ ነው።»

«ክሊኒክ አብረሽኝ ነበርሽ። ሴትዮዋ ያለችኝን ሰምተሻል።»

«ምን አለችሽ?»

ጫማዋን ደግሜ ገለበጥኩት። ካልሰማች ልነግራት ነው፤ ከሰማች ደግሞ ታስመስላለች።

«ስሚ እህቴ» አለች ጫማዋን ከእጄ እየነጠቀች። «ቦታውን እፈልገዋለሁ፣ አልደብቅሽም። ግን ሮጬ ነው የምወስደው። ሐኪሙ ጉልበትሽን ሲያስር ጭንቅላትሽንም አብሮ ቢያስረው ጥሩ ነበር።»

እናቴ የስፌት መኪናዋን አቁማ «ምንድነው እዚያ?» አለች።

«ልጅሽ ሌባ አገኘች።»

«ምን ጠፋ?»

«ምንም አልጠፋም። እሱ ነው የከበዳት።»

«ቢሆንም» አለች እናቴ። «ያልጠረጠረ...»

«እማዬ፣ በናትሽ እሱን አባባልሽን አንድ ቀን እንኳ አሳርፊው።»

ፌንጣ ምሳዋን ሳትበላ ወጣች። እኔ ግን ከጥርጣሬዬ አልተመለስኩም። እናቴ ነጭና ቀይ ጠመኔ ነው የምትጠቀመው፤ ሰማያዊው ከሳጥኗ ሥር ተረስቶ የኖረ ነው። እሱን ፈጭቼ የቀኝ ጫማዬን ጎንና ተረከዝ በስሱ ቀባሁት። የነካው ሰው ሳያውቅ ምልክቱን ይዞ ይሄዳል። ማታ የፌንጣን እጅ አየሁ፣ ካልሲዋን አየሁ፣ ፎጣዋን ሳይቀር ወደ መብራት አንስቼ አየሁ። ምንም የለም።

በማግስቱ ምሳ ላይ አባቴ የውኃ ብርጭቆውን ሲያነሳ አውራ ጣቱ ጥፍር ሥር ሰማያዊ ነበር።

«አባዬ፣ ጣትህን ምን ነካው?»

አየት አደረገው። «ቀለም ይሆናል» አለና ጠጣ።

መሥሪያው ውስጥ ያለው ጥቁርና ቡና ዓይነት ቀለም ብቻ ነው።  እህቴን መጠርጠር አንድ ነገር ነው፤ እሷ እኔ የምፈልገውን ቦታ ትፈልጋለች። አባቴ ግን ከእኔ ጉልበት ምን ይፈልጋል? ከሁለቱ ልጆቹ አንዷን መርጦ ይሆን? ታናሽ ሁልጊዜ ታናሽ ናት፤ በልጅነታችንም የወተቱን ስልባቦት ለእሷ ነበር የሚገፋላት። እንዲህ ያለ ነገር ሁሉ በዚያች ሰዓት ከየተቀበረበት ይመጣል።

በሚቀጥለው ቀን የተኛሁ መስዬ ቆየሁ። የእናቴ የስፌት መኪና ድምፅ ሲጀምር ተነስቼ በባዶ እግሬ እስከ ደፉ ሄድኩ። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ዱካ በምንላት አጭር በርጩማው ላይ ተቀምጧል። የቀኝ ጫማዬ በጉልበቶቹ መካከል ተገልብጧል፤ በአውራ ጣቱ ተረከዙን ይዳስሳል።

«ግቢ» አለ ሳይዞር።

«እኔ መሆኔን በምን አወቅህ?»

«ድሮ ግራሽን ትጎትቺው ነበር፣ ይሰማኛል። አሁን አትጎትቺውም። እሱም ይሰማኛል።»

«ጫማዬን ምን እያደረግህ ነው?»

«እያየሁት ነዋ።»

«አረፋ አልሰፋም ብለህ አልነበር?»

«አልሰፋሁም፣ ለጠፍኩ።» በአፉ ዳር ፈገግ አለ። «ቀኝሽ ክፉኛ ይበላ ነበር። ያዘነበለ ጫማ እግር ያጣምማል፤ ጅማትሽ ደግሞ ገና እንቦቀቅላ ነው። ምን ላድርግ? ዝም ብዬ ልይ?»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠጋ ተናግሮ ያውቃል እንዴ?»

ያን ጊዜ ነው ለማንም ያልነገርኩትን የነገርኩት፤ የሴትዮዋን ምክር፣ ቅዳሜዎቹን፣ ተመልሶ የበቀለውን ቦይ፣ ፌንጣን። እየሰማኝ ፈገግታው ጠፋ። ጫማውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ቦዩን ሳይቀር በጩቤ ጫፍ ቀርጬልሻለሁ» አለ። «እንዳይታይ ብዬ።»

«ማጣሪያው እሑድ ነው፣ አባዬ። መዳኔን የማውቅበት ሌላ ነገር የለኝም።»

«ድነሻል። ካለፈው ሳምንት ወዲህ አልለጠፍኩም፤ የምለጥፍበት አጣሁ። ትናንትም ዛሬም ያነሳሁት ለማየት ነው።»

«እንዴት ልመንህ?»

ሌላ አባት ቢሆን ይቆጣ ነበር። እሱ ጩቤውን አነሳ። ከተረከዙ ጠርዝ ላይ ጫፉን አስገብቶ ቀስ ብሎ ገፈፈ። መጀመሪያ የወጣው፣ ከሁሉም ላይ የነበረው፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ጎማ ነው። ከእሱ ሥር የነበረው እንደ ካርቶን ይወፍራል። ከሁሉም ሥር፣ ጫማውን የነካው የመጀመሪያው ጠጋ፣ የትንሽ ጣቴን ውፍረት ያህላል። ሦስቱን ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው።

«ይኸው ጉልበትሽ» አለ። በጣቱ ከወፍራሙ ጀምሮ እስከ ቀጭኑ ሄደ። «ከዚህ ተነስቶ እዚህ ደርሷል።»

ከዚያም በተገፈፈው ጫማ መሮጥ ስለማይቻል፣ እያየሁት አንድ ወጥ ጎማ ቆርጦ፣ ማስቲሽ ቀብቶ፣ በመዶሻ መትቶ ለጠፈው። ዓይኔን ከእጁ አላነሳሁም። ማየቴን ያውቃል፤ እጁን ዘገም ያደርግልኝ ነበር፣ የካርታ ቁማር እንደሚያሳይ ሰው።

አመንኩት? ለማመን ፈልጌ ነበር። ግን አልጋዬ ላይ ስጋደም ሐሳቡ ተመልሶ መጣ። ጠጋው በዓለም የማይታይ ሰው፣ ልጁን ለማስደሰት አንድ ቁራጭ ጎማ ማሳሳት ያቅተዋል? ማልቀሴን ማየት አይችልም፤ ከዚህ በፊትም ለእኔ ሲል ዋሽቶ ያውቃል። ድመታችን የሞተች ጊዜ ባል አግብታ ሄደች ያለኝ እሱ ነው።

ፌንጣን ይቅርታ ጠየቅኳት። «አባዬ ነው እንዴ?» አለችና እስኪያስላት ሳቀች። «እኔ ላይ ያን ያህል ስትደክሚ።» ያንን ሙዝ ግን ሁለተኛ አላመጣችም።

እሑድ ጠዋት አባቴ ሊያየን መጣ። እንደ ልማዱ ከኋላችን ነው የሚሄደው። «ከኋላ ሆኜ ተረከዛችሁን ልይ» ይል ነበር ሁልጊዜ፤ እኛም የሙያ ነገር ነው ብለን እንቀድመዋለን። ሜዳው ጋ ስንደርስ ከቁልቁለቱ ግርጌ ያለውን አጥር ተደግፎ ቆመ።

«ከዚህ ነው የሚታየው» አለ። «እናንተ ሂዱ።»

አሰልጣኙ ቁጡ፣ ድምፁ ከፉጨቱ የሚበልጥ ሰው ነው። «የቆየሽው ይበቃሻል» አለኝ። «ቁልቁለቱን በልብሽ እንዳትወርጂው፣ በእግርሽ ውረጂው።»

ዳገቱን ፊት ሆኜ ወጣሁት። ትንፋሼ ደህና፣ ጉልበቴ ዝም ብሏል። ጫፍ ላይ ስንደርስ ፌንጣ ከእኔ ኋላ ነበረች፤ አተነፋፈሷ ይሰማኛል። ከታች አጥሩ ጋ አባቴ ትንሽ ሆኖ ይታያል። እዚያ ላይ፣ መልቀቅ በነበረብኝ ቦታ፣ ያ የሳሳ ጎማ ትዝ አለኝ። እውነት ነው ወይስ የተሠራ? በዚያች ቅጽበት ቀኝ እግሬን አስቀድሜ ሰውነቴን ያዝኩት። እያንዳንዱን እርምጃ ፈትኜ ረገጥኩ። ሁሉም እርምጃ ያዘኝ፣ እኔ ግን የሚቀጥለውን አላመንኩም።

ፌንጣ በጎኔ ስታልፍ «ልቀቂው እንጂ» አለችኝ። የፉክክር ድምፅ አልነበረም፤ የልመና ነበር። ከዚያ ዘለለች።

ቦታውን እሷ ወሰደች። እኔ በጥቂት እርምጃ ተቀድሜ ገባሁ። ጉልበቴ አላበጠም፣ አልሞቀም። ሰኞ ሴትዮዋ ጋ ሄድኩ፤ ጎትታ፣ አጣጥፋ፣ በአንድ እግሬ አስቁማ ፈተነችኝና «ይሄ እግር ከድሮም የሚሻል ሆኗል፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ። ጫማዬን ገለበጥኩት። ቀኙም ግራውም እኩል ነበሩ። አባቴ አልዋሸም።

ስነግረው «አየሽ» ብቻ አለ። ከዚያም ነገሩን ወደ ቀልድ ወሰደው፤ «ለነገሩ አንቺ ባትጠራጠሪ እናትሽ ትክድሽ ነበር።» በሚቀጥለው ዓመት ማጣሪያውን አልፌ ገባሁ፤ ቁልቁለቱን ለቅቄው ወረድኩ። ያን ቀን አባቴ ሥራ በዝቶብኛል ብሎ አልመጣም።

የዚያ ዓመት ክረምት ሳያልቅ አባቴ መሥሪያው ደፍ ላይ ወደቀ። ወገቡ ውስጥ ዕጢ ተገኘ። ሐኪሙ ግራ እግሩን ሲመረምር ቆየና «ማነከስ ከጀመሩ ምን ያህል ጊዜ ሆነዎት?» ብሎ ጠየቀው።

«በቅርቡ ነው» አለ አባቴ።

ሐኪሙ ወደ እኛ ዞረ። እናቴ «አዎ፣ በቅርቡ ነው፤ ከዚያ በፊት ሲያነክስ አላየንም» አለች። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ፌንጣም እንደዚሁ። ማናችንም አልዋሸንም። ሐኪሙ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ጥሩ ነበር አለ፤ ከዚያ በኋላ የቆየው ጥቂት ጊዜ ነው።

ከለቅሶው በኋላ እናቴ ልብሱን ለሚያስፈልገው ሰው አከፋፈለች። የፋብሪካው ዘበኛ ቁጥሩ ከአባቴ ጋር አንድ ስለነበር፣ የአዘቦት ጫማውን ለእሱ ትተንለት ሊወስድ መጣ። ሰውየው መሥሪያው በር ላይ ቆሞ፣ እኔ ጫማውን ከደፉ ላይ አነሳሁና ልጠርገው ገለበጥኩት። ሁለቱ ተረከዞች እንደ ጠረጴዛ እኩል ነበሩ። ዓመታት ያደረገው ጫማ ነው። እኩል መሆናቸው ነው እጄን የያዘው።

ጩቤው ከተቀመጠበት አልተነሳም ነበር። ዱካው ላይ ተቀመጥኩና የቀኙን ጠርዝ በጫፉ ፈለግኩ። ለረጅም ጊዜ ምንም አላገኘሁም፤ ጠጋው አይታይም። በኋላ በጥፍሬ አገኘሁት። መጀመሪያ የወጣው፣ ከሁሉም ላይ የነበረው፣ ከትንሽ ጣቴ ይወፍራል። ከእሱ ሥር ካርቶን የሚያህል፣ ከዚያ ሥር ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ከሁሉም ሥር፣ ቆዳውን የነካው፣ መጀመሪያ የለጠፈው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነበር፤ አርጅቶ ጣቴ ላይ ተፈረፈረ።

የእኔ ጠጋ ወደ ውጭ ሲሳሳ፣ የእሱ ወደ ውጭ ሲወፍር ኖሯል።

ፌንጣ ከሳሎን ብቅ ብላ «ምን አገኘሽ?» አለች። ቁርጥራጮቹን በተገፈፉበት ቅደም ተከተል ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩላቸው፤ እናቴም መኪናዋን አቁማ መጣች።  እናቴ ወፍራሙን አንስታ በጣቶቿ መካከል ለካችው፤ መልሳ ለካችው።

ዘበኛው በር ላይ ጎሮሮውን ጠረገ። ወጥቼ ይቅርታ ጠየቅኩትና የፌንጣንና የእኔን ገንዘብ አዋጥተን ሌላ እንደምንገዛለት ነገርኩት።

«ምነው፣ ያ ደህና ጫማ አይደል?» አለኝ።

«አይሆንዎትም» አልኩት። «ያዘነብላል።»